ብሎኬት የሆኑ ፊቶች

ሰሞኑን ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አንድ የቆየ ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተና ያ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ «ጭርርር» ብሎ ዞረ፣ ቀጥሎ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» አደረገ፣ ትንሽ ዝም አለና እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጀመረ። ልጁ «ይሄ እንኳን አያነብም» ብሎ ሊያወጣው ሲል «ተወው፣ ትንሽ ይሞክር» አልኩት። ምን እንደነካኝ አልገባውም። እኔ ግን ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ አልነበርኩም፤ ሰበታ፣ ሙራድ ጌም ቤት፣ አንድ አግዳሚ ላይ ከስድስት ልጆች ጋር ተጣብቄ፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየሰማሁ፣ የረጠበ ሹራብና የሽንኩርት ከረጢት እየሸተተኝ፣ የሚመጣው ማን እንደሆነ እየጠበቅሁ ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከጅማ መንገድ አስፋልት ጀርባ፣ ብሎኬት ማምረቻው አጠገብ ስለነበረ የማሽኑን መንቀጥቀጥ እየሰማን እንውል ነበር። አባቴ ከደቡብ በወጣትነቱ መጥቶ ሰበታ የቀረ ሰው ሲሆን የአንድ ክር ፋብሪካ የሰርቪስ ሾፌር ነበር፤ ሠራተኞቹን በየማለዳው ከሰበታና ከዓለም ገና እየለቀመ ያደርሳል፣ ማታም ይመልሳል። ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ማቴዎስ ይለው ነበር። እናቴ አበባ እርሻ ትሠራ ነበር። ሙራድ ደግሞ ጎረቤታችን፣ የባለሱቆቹ ልጅ ነው። በዚያ ክረምት ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን የሽንኩርት ማስቀመጫ ክፍል ጠርጎ፣ ያገለገለ ቴሌቪዥንና ከሱ የባሰ ያገለገለ የጌም ማሽን አስገብቶ ጌም ቤት ከፈተ። ታናሽ እህቱ ሀያት የልብ ጓደኛዬ ነበረች፤ በእሷ በኩል ባይሆን ኖሮ እዚያ አግዳሚ ላይ ሴት ልጅ መቀመጫ አታገኝም ነበር።

የማሽኑ ሌንስ ደክሞ ነበር። የድብድብ ጌሙ ሲዲ ሲገባ ተፋላሚው ወዲያው አይመጣም፤ መጀመሪያ ትልልቅ ባለ አራት ማዕዘን ቀለሞች ቴሌቪዥኑን ይሞሉታል፣ ቆይተው እያንዳንዳቸው ለአራት ይከፈላሉ፣ እነዚያም ደግሞ ለአራት፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ቀስ ብለው ሰው ይሆናሉ። እኛ ይህን «ብሎኬት ሆነ» እንለው ነበር፤ በሰፈራችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው አራት ማዕዘን ብሎኬት ነው። መጀመሪያ ላይ መጠበቁ ያናድደን ነበር። ሙራድ ግን ብልጥ ነውና ጉድለቱን ጨዋታ አደረገው፤ ስዕሉ ሳይጠራ ተፋላሚው ማን እንደሆነ ቀድሞ ያወቀ ልጅ አንድ ዙር በነፃ ይጫወታል አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ ድብድቡ ደንታ ያለው ልጅ ጠፋ።

ተፋላሚዎቹ አስራ ስድስት ነበሩ። ስማቸው ከታች በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ነገር ግን አንብቦ የሚጨርሰው ስላልነበረ በሰፈራችን ሰዎች ሰየምናቸው። አረንጓዴ ካፖርት ለብሶ ረጅም በትር የሚይዘው ግዙፍ ኦቦ ዋቅጂራ ተባለ። እውነተኛው ኦቦ ዋቅጂራ ወተት የሚሸጡ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ፤ በጋ ከክረምት የማያወልቁት አረንጓዴ ካፖርት ነበራቸው፣ የአባቴ ሰርቪስ ሲመጣም አስፋልቱ ዳር ቀጥ ብለው ቆመው፣ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው ያሳልፉት ነበር። ወገቧን ይዛ የምትቆመው ባለ ቀይ ሻሽ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ የምታስይዘው እትዬ ዘነበች ሆነች። ጎብጦ እጁን የሚያፈጥነው ልብስ ሰፊው ከድር ነው። ነጭ ለብሶ ሁለት እጁን ወደ ላይ እየዘረጋ የሚዘለውን ደግሞ «ፓስተሩ» አልነው፤ ይህን አባቴ እንዳይሰማ በጣም እጠነቀቅ ነበር።

እኔ ጨዋታ ላይ መሸነፍ አልወድም፣ አሁንም አልወድም፤ ስለዚህ ብልሃት ማጠራቀም ጀመርኩ። ጀማሪ ሁሉ ፊት ይፈልጋል፣ ፊት ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚጠራ ነገር ነው። እኔ ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች እያየሁ እሄድ ነበር፤ ከላይ ቀይ፣ ከመሃል ቡናማ ከሆነ ዘነበችን መጠርጠር ነው። አረንጓዴ የሚለብሱት ግን ሦስት ስለነበሩ ቀለም ብቻውን ያታልላል። ዓይኔን አጥብቤ በሽፋሽፍቴ መካከል ሳይ የብሎኬቶቹ ጠርዝ ይለሰልስና ትከሻ የመሰለ ነገር ይወጣል። ከአግዳሚው ተነስቼ በሩ ጋ ስቆም ደግሞ ከቅርብ የማይታየው ከሩቅ ይታየኛል፤ ልጆቹ ሽንቴ የመጣ ይመስላቸው ነበር። ከሁሉም የሚበልጠው ባዶውን ቦታ ማየት ነው፤ በክንድና በወገብ መካከል ብርሃን ካለ ወገቧን የያዘች ሰው ናት። ሀያት ምንም ብልሃት አልነበራትም። ምንም ይምጣ ምን «ከድር» ብላ ትጮሃለች፣ ከብዙ አንዴ ይሳካላታል፣ ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሙሉ እንደ ሊቅ ትሆንብናለች።

ዝናቡ አባርቶ መስከረም ሲጠባ አባቴ ሹራብ ገዛልኝ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከዓለም ገና ገበያ ሹራብ ይገዛልኝ ነበር፣ በየዓመቱም ቢጫ ነበር። የትምህርት ቤታችን ዩኒፎርም ሰማያዊ ነው፣ የሹራቡን ቀለም ግን ማንም አይቆጣጠርም፤ ልጆቹ ሁሉ ጥቁርና ሰማያዊ ደርበው ሲሰለፉ እኔ ብቻ ከመካከላቸው እንደ በራ አምፖል እታይ ነበር። ሀያት «ሎሚ» የሚል ስም አወጣችልኝ፣ እሱም ተጣበቀብኝ።

«አባዬ፣ ዘንድሮም ቢጫ?» አልኩት።

«ቢጫ ያምርብሻል» አለ።

«እማዬ፣ እውነት ያምርብኛል?»

እናቴ ሹራቡን ገልበጥ አድርጋ አየችው። «አባትሽ ከቢጫ ሌላ ቀለም መኖሩን የሚያውቅ አይመስለኝም» አለች፣ ሁለቱም ሳቁ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ እኔን ፍለጋ ጌም ቤት መጣ። ቁጣው አፉ ላይ መድረሱ ከአቋቋሙ ያስታውቅ ነበር። በሩን ሞልቶ ቆሞ «ምሕረት፣ እናትሽ ስንት ጊዜ...» ብሎ ሲጀምር ማሽኑ «ጠቅ፣ ጠቅ» አለ፣ ቴሌቪዥኑም በትልልቅ ብሎኬቶች ተሞላ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ገና የመጀመሪያዎቹ ነበሩ፤ እንኳን ማንነቱ ሰው ይሁን ግድግዳ አይለይም። አባቴ ንግግሩን አቋርጦ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አደረገ።

«እንዴ» አለ፣ «ኦቦ ዋቅጂራን ደግሞ ማን ቴሌቪዥን ውስጥ አስገባቸው?»

በሰፈሩ ሰዎች መሰየማችንን አባቴ አያውቅም ነበር። ብሎኬቶቹ ለአራት ተከፈሉ፣ ደግሞ ለአራት ተከፈሉ፣ አረንጓዴው ካፖርት መጣ፣ በትሩ መጣ። ሙራድ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄን ጌም ሌላ ቦታ ያውቁታል እንዴ?»

«እኔ? ዛሬ ገና ነው የማየው። የሳቸው ትከሻ ነዋ።»

ሙራድ ለማረጋገጥ ሌላ አመጣ፣ ሌላ አመጣ። አባቴ እትዬ ዘነበችን ያለ ነጋሪ አወቃት፣ ከድርንም ገና ሁለት ሦስት ብሎኬት ሆኖ ሳለ «ይሄ ጎባጣ ልብስ ሰፊያችንን ይመስላል» አለ። ነጭ የለበሰው ሲመጣ ግን «ይሄን እንኳ አልናገርም» አለ፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ቁጣው የት እንደገባ እንጃ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቦታ ተለቀቀለትና ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ እስከ ጥምቀት ድረስ የነበሩት ቅዳሜዎች በትዝታዬ ውስጥ ሁሉም አንድ ቅዳሜ ናቸው። በበሩ ቀዳዳ የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ውስጥ አቧራ ይንሳፈፋል፣ ከተጂ ከተማ በኩል እህል ጭነው የሚመጡ መኪናዎች ሲያልፉ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ አባቴ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶት በልጆች መሃል ተቀምጦ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ብሎኬቶቹን እንደሚያዳምጥ ሰው ያያቸዋል። ሲያሸንፍ ዙሩን ለራሱ አይወስድም ነበር፤ ያን ቀን ምንም ላልደረሰው ልጅ ይሰጠዋል። እኔ እዚያ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ትከሻዬ ይሰፋ ነበር። ሀያት ቅናት ሲይዛት «አባትሽን ጂኒ ነው የሚነግረው» ትለኛለች፣ እኔም «ለአንቺስ ለምን አይነግርሽም?» እላታለሁ፣ ተኳርፈን ቤቷ ሳንደርስ እንታረቃለን።

ብልሃቱን እንዲያስተምረኝ ለመንኩት። እሁድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ በአስፋልቱ ዳር እየሄድን ያስተምረኝ ጀመር። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ያሳየኝና «ያ ማነው?» ይለኛል።

«ገና ፊቱ አልታየኝም።»

«ፊቱን ተይው። ፊት ሲስቅ ሌላ ነው፣ ሲቆጣ ሌላ ነው። ትከሻው ግን ያው ነው። አረማመዱን እይ። ሸክም ካለው የቱ ጋ እንደሚይዘው እይ። ከዚያ ሰዓቱን ጨምሪበት፤ በዚህ ሰዓት በዚህ መንገድ ማን ያልፋል?»

እኔ ያልኩት ሰው ሲቀርብ ሌላ ሆኖ ይገኛል፣ እሱ ያለው ግን ራሱ ሆኖ ይመጣል። ኦቦ ዋቅጂራ ገና ነጠብጣብ ሆነው ሳለ እጁን ያነሳላቸዋል፣ እሳቸውም ደርሰው «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ»፣ እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ብለው በኦሮምኛ ጭንቅላቴን ይደባብሱኛል። እኔ በዚያን ጊዜ ከሰው ሁሉ አርቆ የሚያየው አባቴ ነው ብዬ አምን ነበር።

በየካቲት ሙራድ መርካቶ ሄዶ አዲስ ሌንስ ይዞ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም በተሰበሰብንበት ማሽኑን ከፍቶ፣ ገጥሞ፣ ዘግቶ፣ እንደ ሐኪም እጁን ጠራርጎ አበራው። ጭርርታ የለ፣ ጠቅታ የለ፤ ተፋላሚዋ ወዲያው ከነሻሿ፣ ከነጉትቻዋ፣ ከነቅንድቧ ቁጭ አለች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ሀያት ብቻ «አሁን ምን እንገምታለን?» ብላ አኮረፈች። አባቴ እንደልማዱ አግዳሚው ጫፍ ላይ ነበር። አንገቱን ዘንበል አደረገ፣ ዓይኑን አጠበበ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ፣ «ከላይ ቀይ ነው... በክንዷ ስር ብርሃን አለ... ዘነበች ናት።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ማቴዎስ ቀለደብን ብለው እርስ በርሳቸው ተላተሙ። አባቴም ሳቃቸውን ሰምቶ፣ ትንሽ ቆይቶ፣ አብሯቸው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የአባቴን ቀልድ አውቀዋለሁ፤ ሊቀልድ ሲል የግራ ከንፈሩ ቀድሞ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ያን ቀን አልተንቀሳቀሰም።

ወደ ቤት ስንመለስ ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። ብሎኬት ማምረቻው ጋ ስንደርስ ቀደም ብዬ ዞርኩና ፊት ለፊቱ ቆሜ ምላሴን አወጣሁበት። እስከ መጨረሻው አወጣሁት፣ ዓይኔንም አንሻፈፍኩ። በእኛ ቤት ለአባት ምላስ ማውጣት በአንድ ኩርኩም የሚያልፍ ጥፋት አልነበረም። አባቴ ከሁለት እርምጃ ላይ ቆሞ ፈገግ አለልኝ።

«ምነው ቆምሽ? ደከመሽ?» አለኝ።

ምላሴን መለስኩ። «አባዬ፣ ምላሴን አውጥቼብህ ነበር» አልኩት።

ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ላይ ወረደ። ሊደርቅ ከተደረደረው ብሎኬት ላይ ተቀመጠና አጠገቡ እንድቀመጥ መታ መታ አደረገው።

«ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው» አለ። «የማየው ነገር መሃሉ ይፈርስብኛል። ጠርዝ ጠርዙ ደህና ነው። መንገዱን አየዋለሁ፣ መኪና መምጣቱን አያለሁ፣ ሰው መቆሙን አያለሁ። ማን እንደሆነ ነው የማይታየኝ።»

«እኔስ?»

«አንቺ ትታይኛለሽ» አለ ቶሎ ብሎ።

ሐኪም እንዳየው፣ ነገሩ ከዓይኑ ውስጠኛው ክፍል ስለሆነ መነጽር እንደማይረዳው፣ ለእናቴም እንዳልነገራት አወራኝ። ሾፌርነት ብቻ ነው የምችለው አለ። ክረምት ሲገባ ፋብሪካው ውስጥ በእጅ የሚሠራ ሥራ እጠይቃለሁ፣ እስከዚያ ታገሺኝ አለ። «ሰው ብትገጭስ?» አልኩት። የብሎኬቱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ሲያሽ ቆየ። ከዚያ እኔ፣ ዘጠኝ ዓመት ተኩል የሆነኝ ባለ ብልሃት፣ «እንግዲያው እኔ አጠገብህ ተቀምጬ ልንገርህ» አልኩት። እሺ ማለት አልነበረበትም። እሱም ይህን ያውቅ ነበር፣ እሺ ያለኝ ግን ወደ መሬት እያየ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ገብቼ ላጥና ብዬ እናቴን አሳምኜ፣ በየማለዳው ከአባቴ ጋር ከቤት እወጣ ነበር። ሰርቪሱ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ባለው የሞተር ክዳን ላይ እቀመጣለሁ፤ ይሞቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከስሬ ድመት የተኛ ይመስለኛል። ሠራተኞቹ ከኋላ እንቅልፋቸውን ሲጨርሱ እኔ እነሱ እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ «ባጃጅ በቀኝ»፣ «ሁለት ሴቶች ቆመዋል»፣ «አህያ፣ ልጅ አብሮት አለ» እለዋለሁ፣ እሱም «እሺ» ይለኛል። ሰማዩ ከጥቁር ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ሮዝ ሲሄድ፣ የመንገዱ ዳር ባሕር ዛፎች ከጨለማው አንድ በአንድ ሲወጡ፣ ዓለም እንደ ሙራድ ቴሌቪዥን ከትልልቅ ወደ ትንንሽ እየተከፈለች ስትጠራ አይ ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስተኛ ነበርኩ። አባቴ ያለ እኔ መንዳት አለመቻሉ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ሰኔ ገባ፣ ጉሙም አብሮ መጣ። በፈተናው ሳምንት አንድ ማለዳ አስፋልቱ ከፊታችን ከአስር እርምጃ በላይ አይታይም ነበር። እኔ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የሳይንስ ጥያቄ እያጠናሁ ነበር። አንድ ገጽ ብቻ ልጨርስ ብዬ። አባቴ አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ በዓይኔ ጠርዝ ታየኝ።

«ኦቦ ዋቅጂራ ናቸው» አለ ለራሱ፣ እንደ ሁልጊዜውም ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሊያልፋቸው እጁን ለሰላምታ አነሳ።

ቀና አልኩ። ረጅም ነበር፣ አረንጓዴ ነበር፣ አስፋልቱ ዳር ነበር፣ ሰዓቱም የሳቸው ሰዓት ነበር። ነገር ግን ኦቦ ዋቅጂራ ሰርቪሱ ሳያልፍ ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም፣ ይሄ ግን እግሩን አነሳ። በአረንጓዴው ስር ሁለት ቀጫጭን እግሮች አየሁ።

«ልጅ ናት፣ አባዬ፣ ልጅ ናት።»

ፍሬኑን እንዴት እንደረገጠው አላውቅም። ከሞተሩ ክዳን ላይ ተወርውሬ መስታወቱ ስር ወደቅሁ፣ ከኋላ ሰዎች ጮኹ፣ ሰርቪሱ ተንሸራቶ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ ቆመ። በሩን ከፍቼ ስወርድ አስፋልቱ ላይ ዳቦ ተበትኗል፤ ትኩስ ክብ ዳቦዎች እርጥቡ ላይ እየተንከባለሉ ጉሙ ውስጥ ይገቡ ነበር። ሀያት መሃላቸው ቆማለች። በየማለዳው ከዳቦ ቤት ለሱቃቸው የምታመጣውን ሳጥን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ ከነሳጥኑ የሙራድን አረንጓዴ የዝናብ ልብስ ደርባበት ነበር። በእሷና በሰርቪሱ ግንባር መካከል እጄን ዘርግቼ የምሞላው ያህል ቦታ ብቻ ነበር።

«ጋሼ ለእኔ ሁልጊዜ ይቆሙልኝ የለ» አለችኝ። «እንደሚያዩኝ አውቄ ነው የተሻገርኩት።»

አባቴ ወርዶ በዳበሳ እንደሚሄድ ሰው መጣ። ፊቷ አጠገብ ጎንበስ አለ። «ማናት?» አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

«ሀያት ናት፣ አባዬ። ምንም አልሆነችም።»

ቁልፉን ነቅሎ ከሠራተኞቹ መሃል መንጃ ፈቃድ ላለው ወጣት ሰጠው። ከዚያ ሦስታችን ዳቦዎቹን ለቀምን፣ እሱ በእጁ አስፋልቱን እየደባበሰ፣ እኛ እየሮጥን፤ ስንጨርስ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና መጀመሪያ ሀያት ቤት፣ ቀጥሎ ወደ ቤታችን ሄድን። ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጅ ይከብድ ነበር። ፈተናውን አልተፈተንኩም።

ሀያት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ሙራድም እናቱም ባሉበት ሁሉንም ተናገረ። ይቅርታ ሲጠይቅ አንገቱን ዘንበል አላደረገም፣ ቀጥ ብሎ ነበር። የሀያት እናት ልጇን እላይዋ ላይ ለጥፋ «አልሃምዱሊላህ፣ የፈሰሰው ዳቦ ነው» አለች። እናቴ ከአበባ እርሻው ስትመለስ ለእሷም ነገራት። እናቴ አልጮኸችም።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቴን ሳታየው ነው አብረኸኝ የኖርከው?» አለችው።

«የድሮው ነው የሚታየኝ» አላት። «ምንም አልተለወጥሽም።»

የያዘችውን ፎጣ ወረወረችበት፣ ከዚያ አለቀሰች። ወደ እኔ ዞራም «አንቺን ደግሞ ልጅ ነሽ ብዬ ነው ዝም የምለው» አለችኝ፣ ለሁለት ቀን ግን ሌላ ቃል አላናገረችኝም። ይገባኝ ነበር።

ክረምቱን አባቴ ፋብሪካው ክር በሚጠነጠንበት ክፍል ገባ፤ እዚያ ዓይን ሳይሆን ጣት ነው የሚያስፈልገው። ሰርቪሱን ሌላ ሾፌር ያዘው። ኦቦ ዋቅጂራ ነገሩን ሰምተው፣ ማለዳ ማለዳ በእኛ በር እያለፉ «ማቴዎስ፣ እኔ ነኝ» እያሉ ከሩቅ መናገር ጀመሩ፣ እስኪሞቱ ድረስ አልተውትም። ሙራድ ጌም ቤት ግን አባቴ ተመልሶ አልመጣም፣ እኔም ቀስ በቀስ ቀረሁ። ስዕሉ ጠርቶ ስለሚመጣ ልጆቹ ዝም ብለው ይደባደቡ ነበር።

አሁን የምኖረው ቡራዩ ነው፣ የምሠራውም አዲስ አበባ። ስልኬ ላይ አንድ ጨዋታ አለ፤ የጌም ተፋላሚ በብሎኬት ተሰባብሮ ይመጣል፣ ማን እንደሆነ መገመት ነው፣ አንድ ጊዜ በተሳሳቱ ቁጥር ስዕሉ ትንሽ ይጠራል። የቢሮ ልጆች በምሳ ሰዓት ይፎካከሩበታል፣ እኔን ግን የሚያሸንፈኝ የለም፤ እንዴት ነው ሲሉኝ «ፊቱን ተዉት» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሥራ በቀጥታ፣ ለስብሰባ የለበስኩትን ግራጫ ኮት ሳላወልቅ ሰበታ ሄድኩ። አባቴ ከአጥራችን ውጭ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ምንም ሳልናገር፣ ላስደንግጠው ብዬ፣ እየሳቅሁ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። በጨዋነት ከወንበሩ ተነሳ።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ» አለኝ። «ማንን ፈልገሽ ነው?»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። በአንድ ጊዜ እነዚያ ሹራቦች ሁሉ ከነቁልፋቸው ታዩኝ፤ የሦስተኛ ክፍሉ፣ የአራተኛ ክፍሉ፣ ሁሉም ከዓለም ገና ገበያ የመጡት፣ እያኮረፍኩ የለበስኳቸው። «አንቺ ትታይኛለሽ» ያለኝ ዋሽቶ አልነበረም። ከሰማያዊው የልጆች መንጋ መሃል እኔን የሚያወጣበት መንገድ አበጅቶ፣ በየመስከረሙ እያደሰው ኖሯል። «እኔ ነኝ፣ አባዬ» ስለው «ፀሐዩ ነው፣ ፀሐዩ ዓይኔን ወግቶኝ ነው» አለ፣ እኔም ፀሐዩ ነው ብዬ ተቀበልኩት፣ ገብቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰበታ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ቢጫ ሻርፕ አይጠፋም። ታክሲው ዓለም ገናን ሲያልፍ አውጥቼ ትከሻዬ ላይ ጣል አደርገዋለሁ፣ ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ አጥራችን ስታጠፍ አባቴ ከሩቅ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ ከዚያ ሳልደርስ ከወንበሩ ይነሳል። ስልኬ ላይ ያለው ጨዋታ ቢያንስ እየቆየ ይጠራል። ለአባቴ ግን ብሎኬቶቹ በየዓመቱ እየገዘፉ ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ እኔም በየመስከረሙ የምገዛው ሻርፕ ካለፈው ትንሽ ሰፋ ያለ ነው።